የጓሮ አትክልታችን የሌሊት እንግዶች

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ በጓሮዋ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የምትተክል እናት ሁሉ የምታውቀው አንድ ሐዘን አለ። ማታ ለዓይን የሚያሳሱ ሆነው የተተዉት ችግኞች ጧት ከፈጅር ሶላት በኋላ ሲታዩ፣ ከፊሎቹ አገዳቸው ብቻ ቆሟል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ቅጠላቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ሌባው በአካባቢው የለም። በአፈሩና በቅጠሉ ላይ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብር የሚያብረቀርቅ መስመር ጥሎ ሄዷል። ይህ መስመር የቀንድ አውጣ፣ ወይም ቅርፊት የሌለው ዘመዱ፣ ያለፈበት መንገድ ነው።

ነገሩ ለአንዳንዱ ቀላል ሊመስል ይችላል። ሆኖም በጓሮ የሚበቅለው ጎመን ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ወጥ ነው፤ ትርፉን ጉሊት አውጥታ ለምትሸጥ እናትም የልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ዘር ፈልቶ ችግኙ ለመተከል እስኪደርስ አንድ ወር ያህል ይፈጃል። ያ ሁሉ ድካም በሁለትና በሦስት ሌሊት ተበልቶ ሲያድር ማናደዱ አይቀርም። በንዴት የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተባዩ የከፋ ነው። አንዱ ጨው ይበትናል፤ ሌላው ስሙ ያልተጻፈበትን መርዝ ከገበያ ገዝቶ ልጆች በሚጫወቱበት ጓሮ ይረጫል። ስለዚህ ስለ እነዚህ ፍጡራን ጠባይ ትንሽ ማወቅ፣ በየቤቱ የሚነገሩትንም መድኃኒቶች አንድ በአንድ መመዘን ይጠቅመናል።

ቀንድ የመሰለው ዓይን

አባቶቻችን ስም ሲያወጡ አስተውለው ነበር። ቀንድ አውጣ በእርግጥም ቀንድ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ሲነኩት መልሶ ይሰበስባል። ይሁን እንጂ ቀንዶቹ ለመዋጊያ አይደሉም። ከላይ ያሉት ሁለቱ ረጃጅሞች ጫፋቸው ላይ ዓይን አላቸው፤ ከታች ያሉት ሁለቱ አጫጭሮች ደግሞ የሚያሸትና የሚቀምስባቸው ናቸው። ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም ስለማያልፍ የሰላጣችንን መደብ የሚያገኘው በሽታ ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ ጀርባው ላይ ቤት የሌለው ለስላሳው፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም ቀንድ አውጣ ይላቸዋል፤ እኛም መለየት በሚያስፈልግበት ቦታ ይኸኛውን ‹‹ቅርፊት አልባው›› እንለዋለን። ሁለቱም የባሕር ዛጎሎች ወገን ናቸው።

አፉ ውስጥ ያለው ምላስ ተአምር ነው። በላዩ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ እጅግ ጥቃቅን ጥርሶች በረድፍ ተሰድረዋል፤ እንስሳው ቅጠሉን የሚበላው እንደ ከብት ነክሶ ሳይሆን እንደ ሞረድ ፍቆ ነው። ጥርሶቹ ሲያልቁ ከኋላ አዲስ ይተካሉ። የፈጠረው ጌታ ጥራት ይገባው።

ለአትክልተኛ ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፦ የዚህ ፍጡር ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ቆዳውም ውሃን የሚይዝ አይደለም። የሚሄደው በአንድ ሰፊ እግሩ ላይ ዝልግልግ ፈሳሽ እያፈሰሰ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ውሃ ይከስራል ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይና ንፋስ ጠላቶቹ ሲሆኑ ሌሊት፣ ዝናብና ጥላ ወዳጆቹ ናቸው። ቀን በድንጋይ ሥር፣ በወደቀ ጣውላ ሥር፣ በአረም ውስጥ ወይም በአፈር ስንጥቅ ተሸሽጎ ይውላል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው የመከላከያ ዘዴ ሁሉ የሚነሳው ከዚህችው ከአንዲት እውነት ነው።

በጋ ሲመጣስ? ባለ ቅርፊቱ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን በደረቀ ልጋጉ ይዘጋና ይተኛል። ይህ እንቅልፍ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1846 ከግብፅ በረሃ የመጣ አንድ ቀንድ አውጣ የሞተ መስሏቸው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰዎች በካርቶን ላይ በማጣበቂያ ለጥፈው ለትርኢት አስቀመጡት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1850፣ በካርቶኑ ላይ የልጋግ ምልክት ታየ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ቀንዱን አውጥቶ መሄድ ጀመረ! እንግዲህ በግንቦት የደረቀ ባዶ ቅርፊት መስሎን በአጥር ሥር የምናልፈው ሁሉ የሞተ እንዳይመስለን።

የመራቢያቸውም ነገር እንዲሁ ያስደንቃል። አብዛኞቹ የምድር ቀንድ አውጣዎች በአንድ አካል ውስጥ ወንድነትም ሴትነትም አላቸው። በመሆኑም ከተገናኙት ሁለቱ ሁለቱም እንቁላል መጣል ይችላሉ። እንቁላሎቹ ነጫጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ ፍሬዎች ሲሆኑ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳንቲሜትር ገባ ብለው በክምር ይገኛሉ። በብዙ አገር የታወቀው የጓሮ ቀንድ አውጣ በአንድ ጊዜ እስከ መቶ የሚደርስ እንቁላል ይጥላል።

ሌባውን መለየት

ከማንኛውም እርምጃ በፊት በዳዩ እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጎመን የሚበላ ብዙ ነውና። አባጨጓሬ ከሆነ ቅጠሉ ላይ ጥቋቁር ወይም አረንጓዴ ፍሬ ፍሬ የሚመስል ኩስ እናገኛለን፤ ራሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል። ቆራጭ ትል ከሆነ ችግኙ ከአፈር ትይዩ እንደ ቢላ ተቆርጦ ይወድቃል፤ የወደቀው ቅጠል ግን አይበላም ወይም በከፊል ይጎተታል፤ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ሲያደርጉት የተጠቀለለ ትል ይወጣል። ቀንድ አውጣና ቅርፊት አልባው ግን ቅርጹ የተዛባ ቀዳዳ ያወጣሉ፤ ወፍራሙን ጅማት ይተዋሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚያብረቀርቀውን መስመር ጥለው ይሄዳሉ። ጧት ዝናብ መስመሩን አጥቦት ከሆነ ማታ ከዒሻ በኋላ ባትሪ ይዞ መውጣት ነው፤ ሌባው ከነእጁ ይያዛል።

በጣም የሚወዷቸው ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ያበሻ ጎመን፣ እንጆሪና ማንኛውንም ለጋ ቡቃያ ነው። ነጭ ሽንኩርትንና የጥብስ ቅጠልን እምብዛም አይነኩም። ድንች ደግሞ ከላይ ደህና ሆኖ ከአፈር ሥር ሊጎዳ ይችላል፤ ቅርፊት አልባው አፈር ውስጥ ገብቶ ይቦረቡረዋልና።

የቤት መድኃኒቶች ሲመዘኑ

ከጨው እንጀምር፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እርሱን ነውና። ጨው የተበተነበት ቀንድ አውጣ በእርግጥ ይሞታል፤ ጨው ከሰውነቱ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። ይሁን እንጂ አሟሟቱ ረጅምና የሚያሰቃይ ነው። በምናርደው እንስሳ ላይ እንኳ ኢሕሳን እንድናደርግ፣ ቢላችንን እንድንስልና እንዳናሰቃይ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የታዘዝን ሰዎች ነን፤ መገደል ካለበት በፍጥነት መገደል አለበት። ይህም ይቅር ቢባል ጨው በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ የጨው ብዛት ደግሞ ተክልን ራሱን ያደርቃል። ሰላጣን ለማዳን የሰላጣን መሬት መግደል ምን ይሉታል?

አመድ ከጨው እጅግ ይሻላል። ደረቅ አመድ በመደቡ ዙሪያ ሲነሰነስ ልጋጉን ስለሚመጥበት ቀንድ አውጣው አይወደውም። ችግሩ ዝናብ ነው። አመድ አንዴ ከረጠበ ሥራው አበቃ፤ ቀንድ አውጣው የሚወጣው ደግሞ በዝናብ ቀን ነው። እንግዲህ አመድ የሚጠቅመው በበልግ ዝናብ መካከል በሚገኙ ደረቅ ቀናት ወይም በበረንዳ ጣራ ሥር ባለ መደብ ላይ ነው። በየሳምንቱ እየደጋገሙ መከመርም ጥሩ አይደለም፤ አመድ የአፈሩን ጠባይ ይለውጣል።

የእንቁላል ቅርፊት ሰባብሮ መበተን በጣም የተወራለት ዘዴ ነው። ስለታሙ እግሩን ይወጋዋል ይባላል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የታወቀው የአትክልተኞች ማኅበር፣ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ሙከራ ይህን እምነት አፍርሶታል። በ108 ሰላጣዎች ዙሪያ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሹል ጠጠር፣ የጥድ ቅርፊት፣ የበግ ሱፍና የመዳብ ጥብጣብ ለየብቻ እያደረጉ ምንም ካልተደረገላቸው ጋር አወዳደሯቸው። ሁሉም እኩል ተበሉ። የእንቁላሉን ቅርፊት ከብስባሹ ጋር ቀላቅሎ ለአፈሩ መስጠት ይሻላል።

ቡናስ? እዚህ ላይ ነገሩ ለእኛ አገር ሰው ጣፋጭ ይሆናል። በሃዋይ ደሴት የሚሠሩ የአሜሪካ የግብርና ተመራማሪዎች በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን በእንቁራሪት ላይ ሲሞክሩ ያልጠበቁትን ነገር አዩ፤ ቅርፊት አልባዎቹ ቀንድ አውጣዎች እየሞቱ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ካፌይን ያለበት ውሃ ሲረጭባቸው ይሞታሉ፤ ከመቶ አንድ መቶኛ እጅ ብቻ ያለበት ውሃ ቅጠል ላይ ሲረጭ እንኳ የሚበሉት ይቀንሳል። አንድ ተራ ቡና ደግሞ ከመቶ አምስት መቶኛ እጅ ያህል ካፌይን አለው። ስለዚህ ከጀበናችን የተረፈ የቀዘቀዘ ቡና አይገድላቸውም፤ ቅጠል ላይ ቢረጭ ግን ምግባቸውን ሊያስጠላቸው ይችላል። ዝናብ ሲያጥበው መድገም ያስፈልጋል። ከአቦል እስከ በረካ ተቀድቶ ያለቀለት አተላ ግን ካፌይኑን አብዛኛውን ለጠጪው ሰጥቷል፤ ለአፈሩ ይጠቅማል እንጂ አጥር አይሆንም። ካፌይኑን አብዝቶ አወፍሮ መርጨትም አይመከርም፤ ብርቱው ድብልቅ ለጋ ቅጠልን ራሱን ያቃጥላል።

ስለ ቢራው ወጥመድ

በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች የአትክልት መጽሐፍ ሲያነቡ ወይም ከጎረቤት ሲጠይቁ በመጀመሪያ የሚነገራቸው ‹‹ቢራ በሳሕን አድርገህ አስቀምጥ፤ ገብተው ሰጥመው ይሞታሉ›› የሚል ምክር ነው። ምክሩ እውነትነት አለው፤ ቀንድ አውጣዎች ወደ ቢራ ይሳባሉ። አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ግን ለሰላጣ ብሎ ቢራ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሊያስገባ ነው? ልጆቹስ ጠርሙሱን በጓሮ ሲያዩ ምን ሊባሉ ነው?

ደስ የሚለው ነገር፣ ችግሩ ከሥሩ መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። የሚስባቸው አልኮሉ ሳይሆን የእርሾው ሽታ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ተራ የዳቦ ሊጥ፣ ማለትም ዱቄት፣ ውሃና እርሾ ብቻ፣ ለብዙ ዓይነት ቀንድ አውጣዎች እጅግ ብርቱ ማባበያ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ የረከሰ ወጥመድ ምን አለ?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾና ሊጡን የሚያላላ ውሃ ተለውሶ አንድ ሰዓት ያህል ኩፍ እንዲል ይተዋል። ከዚያም ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወይም ማንኛውም ጥልቅ ዕቃ መደቡ አጠገብ ይቀበራል፤ አፉ ግን ከአፈሩ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ይህ የሚደረገው በምድር ላይ የሚሮጡት ጥቋቁር ጥንዚዛዎች እንዳይገቡ ነው፤ እነርሱ የቀንድ አውጣ ጠላት፣ የእኛ ወዳጅ ናቸው። ሊጡ ከታች ይደረጋል፤ ዝናብ እንዳይሞላው ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሦስት ጠጠር ላይ ይከደናል። ጧት ተከፍቶ የገቡት ይወገዳሉ። ሊጡን በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን መቀየር ይገባል፤ ውሃ በዝቶበትና ስኳር ተጨምሮበት ለሳምንት ከተተወ ራሱ ወደሸሸነው ነገር መለወጥ ይጀምራልና። ወጥመዱም ከችግኞቹ እጅግ የራቀ ወይም በመካከላቸው የተቀበረ አይሁን። በመካከላቸው ከሆነ ከሩቅ የተጠሩት እንግዶች በመንገዳቸው ሰላጣውን ይቀምሳሉ።

እጅ፣ ባትሪና የሃይላንድ ጠርሙስ

እውነቱን ለመናገር ከወጥመዱም ከአመዱም የሚበልጠው የሰው እጅ ነው። ዝናብ ባቆመ ምሽት፣ ከመግሪብ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ባትሪ ይዞ በመደቡ መካከል መዞር ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ይገኛል፤ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ከተደጋገመ ቁጥሩ በግልጽ ይቀንሳል። ይህ ልጆች በደስታ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ማን ብዙ እንደለቀመ መወዳደር ይወዳሉ። ነገር ግን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃቸው ላይ ይልበሱ፣ ሲጨርሱም በሳሙና ይታጠቡ። የተለቀመው በሙቅ የሳሙና ውሃ ባልዲ ውስጥ ይጨመራል ወይም በአንድ ምት ይደቀደቃል። በእሳት ማቃጠል ግን በሃይማኖታችን የተከለከለ ነው።

በሌሊት መውጣት የማይመቻት እናት በቀን ልታድናቸው ትችላለች። እርጥብ ጆንያ፣ ያረጀ ጣውላ ወይም የተገለበጠ የፓፓያና የሐብሐብ ልጣጭ ማታ በመደቡ ዳር ይቀመጣል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ቀንድ አውጣዎች ጥላ ፍለጋ እዚያ ሥር ይሰበሰባሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ጆንያውን ገልብጦ መልቀም ነው። ይህን በየዕለቱ ማየት ግድ ነው፤ ከተረሳ ወጥመድ መሆኑ ቀርቶ ምቹ መኖሪያ ይሆናል።

ለጋ ችግኞችን ለማዳን ደግሞ በየመንገዱ ተጥሎ የምናየው የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ታችና ላዩ ተቆርጦ እንደ ቀለበት ሲቀር በችግኙ ዙሪያ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይተከላል። ከውስጥ የተደበቀ ቀንድ አውጣ አለመኖሩን አይቶ ነው የሚተከለው። ቀለበቱን ተሻግሮ የሚገባ አንዳንድ አይጠፋም፤ ሆኖም ለአብዛኞቹ እንቅፋት ነው። ችግኙ አገዳው ጠንክሮ ስድስትና ሰባት ቅጠል ሲያወጣ ጥቂት ቢበላም ይቋቋመዋል። በዚሁ ምክንያት ችግኙን በፌስታል ወይም በጣሳ ከፍ ባለ ቦታ አሳድጎ፣ ጠንከር ሲል ማዛወር ብዙ ሐዘን ያስቀራል።

ውሃ ማጠጣትንም እናስተውል። ብዙ ቤት የሚጠጣው ማታ ከሥራ መልስ ነው። ይህ ለቀንድ አውጣ እርጥብ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ጧት ቢጠጣ አፈሩ ከላይ እስከ ማታ ጠፈፍ ይላል፤ ተክሉም የሚፈልገውን ያገኛል። ከመደቡ አጠገብ ያለ የድንጋይ ክምር፣ የተጣለ ጎማና ያደገ ሣር መነሳቱ ደግሞ የግማሹን ሥራ ያህል ነው። ዶሮ ያላችሁ ደግሞ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት መደቡን ጫር ጫር እንዲያደርጉት ልቀቋቸው። ከተከላችሁ በኋላ ግን እሰሯቸው፤ ዶሮ ከቀንድ አውጣ ይልቅ ሰላጣ ታበላሻለች።

ከተከልነው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍልን የተላለፈልንን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ብስራት አንስተው ‹‹ታዲያ ለምን እንከላከላለን? ይብሉት›› የሚሉ አሉ። የበላው በእርግጥ አይጠፋብንም። ነገር ግን ተክሉን ጠብቆ ለቤተሰብ ማድረስም እንዲሁ አጅር ያለው ሥራ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

መርዙና መዘዙ

በሰማያዊ ፍሬ መልክ ተሠርቶ የሚሸጥ ሜታልዴሃይድ የሚባል የቀንድ አውጣ መርዝ አለ። ቀንድ አውጣው ሲበላው ልጋጉን ያለ መጠን አፍስሶ ይደርቃል። የፍሬው መልክ ከረሜላ መምሰሉና ከእህል ጋር መሠራቱ ግን ለሕፃናት፣ ለውሾችና ለድመቶች አደገኛ ያደርገዋል፤ የበላው እንስሳ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ሊሞት ይችላል። ብሪታንያ በወፎችና በዱር እንስሳት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ከ2022 የጸደይ ወራት ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይሠራበት ከልክላለች። በእርሱ ፈንታ የብረት ፎስፌት የሚባለው ይመከራል፤ ቀንድ አውጣው እርሱን ሲበላ መብላት አቁሞ ጉድጓዱ ገብቶ ይሞታል፤ ለሌሎች እንስሳት ያለው አደጋም እጅግ ያነሰ ነው። የሆነው ሆኖ ስሙና አጠቃቀሙ በላዩ ያልተጻፈ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ዱቄት ማንም ቢያመሰግነው ወደ ምንበላው አትክልት አይቅረብ።

ተባይን በተባይ መግደልም ሁልጊዜ ብልኃት አይደለም። ከእኛው ምሥራቅ አፍሪካ የሄደው ግዙፍ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ በሃዋይ ደሴቶች ተራብቶ እርሻውን ሲያስቸግር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ሌላ ቀንድ አውጣ የሚበላ ቀንድ አውጣ ከፍሎሪዳ አምጥተው ለቀቁ። የመጣው አዳኝ ግን የታዘዘውን ትቶ በዛፍ ላይ የሚኖሩትን፣ በዓለም ላይ በዚያች ደሴት ብቻ የሚገኙትን ሰላማዊ ቀንድ አውጣዎች ፈጃቸው። ከአንዱ ዝርያ የቀረው የመጨረሻው፣ ጆርጅ ብለው የሰየሙት፣ በቤተ ሙከራ ብቻውን ኖሮ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2019 ሞተ። ግዙፉ ቀንድ አውጣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እንዶድና የአገራችን ሊቅ

ቀንድ አውጣን በመግደል ረገድ ዓለም የሚያውቀው ታላቅ ግኝት የአገራችን መሆኑን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ የሞቱ የውሃ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ነበር፤ ከማጠቢያው በላይ ግን በሕይወት አሉ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ቆዳ ከመግባቱ በፊት በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው ሰንሰለት ተቆረጠ ማለት ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ነጠላ ያነጡበት ፍሬ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን የሰማ ሁሉ ‹‹ታዲያ እንዶድ በጓሮዬ ልርጭ?›› ማለቱ አይቀርም። የእንዶድ ዝና በውሃ ውስጥ በሚኖሩት ላይ ነው፤ እነርሱ ቀንና ሌሊት በተነከሩበት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ማምለጫ የላቸውም። የጓሮው ግን በምድር የሚሄድ፣ ያልወደደውን ትቶ የሚዞር ነው። እንዶድ ለሰው ሆድም ምግብ አይደለም፤ ጥሬውን በምንበላው ሰላጣ ላይ መርጨት አይገባም። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ የሚወርድ የእንዶድ ውሃም ዓሣ ይገድላል።

ከማዕድ በፊት

ሰላጣ ከጓሮ ተቀንጥሶ ወደ ማዕድ ሲመጣ ጥድፊያ ያሳስታል። በሃዋይና በእስያ አገሮች በሰላጣ ቅጠል መካከል የተደበቀ ትንሽ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ሳያዩ በመብላት፣ ከአይጥ ወደ ቀንድ አውጣ በሚተላለፍ ትል የተያዙና የአንጎል ሽፋናቸው የታመመ ሰዎች አሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቅጠሉ አንድ በአንድ ተገንጥሎ፣ ፊቱም ጀርባውም በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጥቅል ጎመንም ቢሆን የላይኞቹ ቅጠሎች ይነሱ። ለትናንሽ ሕፃናት ደግሞ ቀቅሎ መስጠት ይመረጣል።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ቀንድ አውጣው ከዓይን ይጠፋል፤ ሰውም ይረሳዋል። ሥራው ግን ያኔ ነው የሚቀለው። ምርቱ የተነሳበት መደብ በመቆፈሪያ አንድ ጊዜ ይገለበጥ፤ ከሥር ተከማችተው የነበሩት ነጫጭ እንቁላሎች ከላይ ወጥተው በሁለትና በሦስት ቀን ፀሐይ ይደርቃሉ፣ ወፎችም ይለቅሟቸዋል። በአጥሩ ሥርና በግንቡ ስንጥቅ ተለጥፈው የተኙትንም ባለ ቅርፊቶች በዚያው ሳምንት መልቀም ነው። ያኔ አይሸሹም።